«ማይስትሮ ልግዛ ወይ?» ሰው ስለናቃት የ1980ዎቹ ፈጣን መኪና

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የበርሚንግሃም ነዋሪ ናቸው። የ1980ዎቹን ትንንሽ ፈጣን መኪኖች ይወዳሉ፤ ጎልፍ ጂቲአይና ፔጆ 205 ጂቲአይ ግን ዋጋቸው አልቀመስ ብሏቸዋል። አሁን አንዲት የ1986 ኤምጂ ማይስትሮ ኢኤፍአይ አግኝተዋል። ወዳጆቻቸው «የጡረተኛ መኪና ነው የምትገዛው?» እያሉ ሳቁባቸው። «እውነት የምትረባ መኪና ናት? ለማየት ስሄድስ ምኗን ልመርምር?» ይላሉ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ትረባለች። በደንብ ትረባለች። ነገር ግን የሚገዙት ሞተሯን ሳይሆን ቦዲዋን መሆኑን ከወዲሁ ይወቁ። ሞተሯ ደክሞ ቢሆን በሁለት ቅዳሜ ይስተካከላል፤ ላሜራዋ ተበልቶ ከሆነ ግን የሚያድናት ገንዘብ መኪናዋን ሦስት ጊዜ ይገዛል።

የሰው ንቀት ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል፤ ዋጋዋን ዝቅ ያደረገው እሱ ነውና። ኤምጂ በእንግሊዝ የሚታወቀው ጣሪያቸው በሚከፈት፣ ሁለት ሰው በሚይዙ የስፖርት መኪኖች ነበር። በ1980 የአቢንግደን ፋብሪካዋ ተዘጋና ኤምጂቢ የተባለችው የስፖርት መኪና ቀረች። ስሙ በ1982 ሲመለስ የተለጠፈው በኦስቲን ሜትሮ ላይ ነው፤ በ1983 ደግሞ ኦክስፎርድ አጠገብ ካውሊ ውስጥ በምትሠራው ማይስትሮ ላይ። የድሮዎቹን ኤምጂዎች ለሚያፈቅር ሰው ይህ ስም ማርከስ ነበር። በዚያ ላይ የመጀመሪያዋ ኤምጂ ማይስትሮ 1600 ሳትበስል ነው ለገበያ የቀረበችው። ሁለቱ ዌበር ካርቡሬተሮቿ 103 የፈረስ ጉልበት ይስጡ እንጂ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አጥፍተው ሲያስነሷት አሻፈረኝ ትላለች፤ የሚያስተካክልላቸው ጋራዥም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ክሩስኮቶዋ በቁጥር የሚያበራና በሴት ድምፅ የሚናገር ስለነበር ሰው ሁሉ ተሳለቀበት። ኩባንያው በ1984 መገባደጃ ላይ ሞተሩን በ2 ሊትር ኢንጀክሽን (ነዳጁን በኤሌክትሮኒክስ ታዝዞ በሚረጭ፣ ኢኤፍአይ በሚባለው) ቀይሮ አዲስ መኪና አደረጋት ማለት ይቻላል፤ እርስዎ ያገኟት የዚህችን ዓይነት ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ መጥፎ ስምም እንደዚያው ነው፣ እስከ ዛሬ ድረስ ዋጋዋ የሚቆረጠው በ1983ቷ መኪና ስም ነው።

አሁን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ይዩአቸው። የኢኤፍአይ ሞተር 1994 ሲሲ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ነው። በዚያው ዘመን የነበረችው ባለ 8 ቫልቭ 1.8 ጎልፍ ጂቲአይ 112 ነበራት፤ ፔጆ 205 1.9 ደግሞ 130። የፈረስ ጉልበት ብቻ ካዩ ማይስትሮ መሀል ላይ ናት። ልዩነቱ ቶርኩ ላይ ነው፤ ማለትም ሞተሩ ብዙ ሳይዞር በሚሰጠው የመጎተት ኃይል። ማይስትሮ በ2800 ዙር 182 ኒውተን ሜትር ትሰጣለች። ጎልፏ 155 ገደማ፣ ፔጆዋ 160 ገደማ ናቸው፤ ፔጆዋም ያንን የምታገኘው 4700 ዙር ካለፈች በኋላ ነው። በመንገድ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት አንድ ዳገት ይበቃል። መንገዱ እየጠበበ ይወጣል፣ ከፊትዎ የእርሻ ትራክተር አለ፣ እርስዎ 3ኛ ማርሽ ላይ ነዎት። በፔጆዋ ወደ 2ኛ ወርደው ሞተሩን ማስጮህ አለብዎት። በማይስትሮ ነዳጁን ረገጥ ሲያደርጉ ያለ ጩኸት ተነሥታ ታልፋለች። ከቆመችበት ተነሥታ 97 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 8.5 ሰከንድ ገደማ ይበቃታል፣ ከፍተኛው ፍጥነቷም በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ለዛሬ መንገድ ከበቂ በላይ ነው።

ሌላው ሰው የማያወራው ነገር ስፋቷ ነው። ባለ አምስት በር ናት፤ በፊትና በኋላ እግር መካከል ያለው ርዝመት 2.5 ሜትር ስለሆነ ሦስት አዋቂ ከኋላ ይቀመጣል። መስኮቶቿ ትልልቅ፣ የበሮቿ ጠርዝ ዝቅ ያለ ስለሆነ ዙሪያዋን ሁሉ ያያሉ፤ ከዘመናዊ መኪና ወርዶ እሷ ውስጥ የገባ ሰው በረንዳ ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። ካታሊቲክ ኮንቨርተር የለ፣ የኦክስጅን ሴንሰር የለ፣ ሞተሩን የምታዝዘው አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ብቻ ናት። ካቻቢቴና ቺያቤ ይዞ የሚማር ሰው ኢንጀክሽን እንዴት እንደሚሠራ በእጁ ዳስሶ የሚረዳባት መኪና ናት። ጎልፏና ፔጆዋ በዘመናቸው የሌባና የጎረምሳ ዒላማ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ተጋጭተው፣ ተቆርጠው፣ ዝቅ ተደርገው እንደገና የተሰፉ ናቸው። ማይስትሮን ማንም ስላልከጀላት፣ የተረፈችው ብዙ ጊዜ እንደተወለደች ያለች ናት። የተረፉት ግን ጥቂት ናቸው፤ መንግሥትና የመኪና አምራቾች በ2009 አሮጌ መኪና ለሚያስረክብ ሰው በአንድነት 2000 ፓውንድ ቅናሽ በሰጡ ጊዜ እንዲህ ያሉት ያለ ጸጸት ተጨፈለቁ።

አገር ቤት መኪና የምንመርጥበት ልማድ እዚህ ላይ ይፈትነናል። ቶዮታ የምንገዛው መለዋወጫው በየሱቁ ስላለና ሲሸጥ ዋጋው ስለማይወድቅ ነው፤ ትክክለኛ ስሌት ነው። ማይስትሮን በዚያ ሚዛን ካስቀመጧት ግማሹን ብቻ ታልፋለች። የሞተሩ፣ የካምቢዮውና የፍሬኑ ዕቃ ይገኛል፤ ካምቢዮው ፒጂ1 የሚባለው ስለሆነ በኋላ በኤምጂኤፍ፣ በላንድሮቨር ፍሪላንደርና በሎተስ ኤሊዝ ላይ ገብቷል፣ ኩሽኔታዎቹ በቀላሉ ይገዛሉ። በሮቿም ከኦስቲን ሞንቴጎ ጋር አንድ ናቸው። የኤምጂ ብቻ የሆኑት ግን፣ ማለትም የወንበሩ ጨርቅ፣ ቀይ ጠርዝ ያላቸው ጌጦች፣ የኋላ ስፖይለሩና ባለ ስምንት ማዕዘን አርማዎቹ፣ ከጠፉ ጠፉ ነው። ስለዚህ ውስጧ ያልተነካ፣ ዕቃዋ የተሟላ መሆኑን ከሞተሩ አስቀድመው ያረጋግጡ።

ወደ ምርመራው እንግባ። ለማየት ሲሄዱ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ባትሪ መብራትና አሮጌ ልብስ ይያዙ። ዝናብ ከዘነበ በማግስቱ ቢሄዱ ጥሩ ነው፤ ውሃ የምታስገባበትን ራሷ ታሳይዎታለች።

ከኋላ ጎማ በላይ ካለው ቅስት ይጀምሩ። እጅዎን ከጎማው በኩል ወደ ውስጥ አስገብተው የቅስቱን ከንፈር በጣትዎ ይከተሉት። ጭቃ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፣ ዝገቱም የሚጀምረው ከውስጥ ነው። በጣትዎ የሚፈረፈር ነገር ካገኙ ከውጭ ቀለሙ ቢያበራም ላሜራው አልቋል። ማግኔቱን ከቅስቱ ጠርዝ ላይ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ እያደረጉ ያሳልፉት፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ፣ ማለትም ቀዳዳ የተሞላበት ለጥፍ ነው። ቀጥሎ የነዳጅ መሙያውን በር ይክፈቱና ዙሪያውን ይዩ። እዚያ የገባ ውሃ በቀጥታ ወደ ቅስቱ ስለሚወርድ በዚያ ጎን ያለው ሁልጊዜ የባሰ ነው።

ከዚያ በበሮቹ ሥር ያለው ሣጥን ነው። ከውጭ በወፍራም ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ካዩት ይጠርጥሩ። የፊቱን ወንበር ወደፊት ገፍተው ምንጣፉን ከጥጉ ያንሡ፤ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ እርጥብ ከሆነ ወለሉም ሣጥኑም በአደጋ ላይ ናቸው። ባለቤቱን አስፈቅደው የክሪክ ማስገቢያዎቹን በካቻቢቴ እጀታ ጫን ጫን ያድርጉ። ጤነኛ ላሜራ ድምፁ ደረቅ ነው፤ የበሰበሰው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ጎንበስም ይላል። የፊተኛው ፓራፋንጎ የታችኛው ጫፍ፣ ከጎማው ኋላ፣ በሩ ከታጠፈበት ምሰሶ እግር ጋር የሚገናኝበት ቦታ ደግሞ በጣም ወሳኝ ነው፤ ፓራፋንጎው ይቀየራል፣ ምሰሶው ግን መኪናዋን የተሸከመ አጥንት ነው። የኋላውን ትልቅ በር ገልብጠው የታችኛውን ስፌት ይዩ።

አንድ ቦታ ሰው ሁሉ ይዘነጋዋል፤ የፊት መስታወቱን። ማይስትሮ መስታወቷ በጎማ ክፈፍ የተያዘ ሳይሆን በማጣበቂያ የተለጠፈ ነው። ከጠርዙ ሥር ዝገት ከተነሣ ቀለሙን ያብጠዋል፣ ማጣበቂያው ይለቃል፣ ውሃው ደግሞ በፊውዝ ሣጥኑ በኩል ይወርዳል። ለመጠገን መስታወቱ ተቆርጦ መውጣት አለበት፣ ሲወጣም የመሰንጠቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። የመስታወቱን ዙሪያ በጣትዎ ተከትለው እብጠት ካገኙ ዋጋውን አጥብቀው ይደራደሩ ወይም ይተውዋት። ፕላስቲኮቹን ፓራውልቶችም አይርሱ፤ በብርድ ይደርቁና ትንሽ ቢነኩ ይሰነጠቃሉ።

ብየዳ ካስፈለገ ለሠሪው እንዲህ ይበሉት፦ የበሰበሰው እስከ ብሩህ ላሜራ ድረስ ይቆረጥ፣ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ላሜራ ጠርዝ ለጠርዝ ይበየድ። በአሮጌው ላይ አዲስ መደረብ በሁለት ክረምት ውስጥ ከመካከላቸው ዝገት ያበቅላል። ብየዳው ከቀዘቀዘና ከተቀባ በኋላ በሣጥኖቹ ውስጥ የሰም መከላከያ ይረጭ፤ ለሁለቱም ጎን ቢያንስ አንድ ሊትር ይጠይቃል። ሥራው ሲያልቅ ከታች ያሉት ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አለመደፈናቸውን በሽቦ ይፈትሹ። ብዙ ጥሩ ጥገና የሚበላሸው በተደፈነ ቀዳዳ ነው።

ቦዲዋ ካለፈች ወደ ሞተሩ ይዙሩ። ከመድረስዎ በፊት ሻጩን ደውለው «እስክመጣ አታስነሣት» ይበሉት። ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ፤ ሞቆ ካገኙት የሚደበቅ ነገር አለ ማለት ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ከሥሩ ነጭ ክሬም የመሰለ ነገር ካለ ይዩ፤ ጥቂት ከሆነ በአጭር ጉዞ ብቻ የመጣ እርጥበት ሊሆን ይችላል፣ ራዲያተሩም ውስጥ ዘይት ከታየ ግን የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ሄዷል። ከዚያ ነዳጅ ሳይረግጡ ያስነሷት። በጥቂት ሰከንድ መነሣትና ሚኒሞውን፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ የምትሠራበትን ዝቅተኛ ዙር፣ መያዝ አለባት።

ሚኒሞው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ አይደንግጡ፤ ይህ የዚህ ኢንጀክሽን የተለመደ ሕመም ነው፣ ብዙ ጊዜም ርካሽ ነው። ኢንጀክሽኑ ሉካስ ኤል የተባለው ዓይነት ነው። የሚገባውን አየር የሚለካው በምላስ መሰል ክዳን ነው፣ ኮምፒውተሯም ነዳጅ የምትመድበው በዚያ ልክ ነው። ከመለኪያው ኋላ በሌላ ቀዳዳ የገባ አየር ስላልተቆጠረ ነዳጅ አይመደብለትም፤ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩም መንገዳገድ ይጀምራል። ከመለኪያው እስከ ጉሮሮው (በነዳጅ ፔዳሉ የሚከፈተው የአየር በር) ያለውን ትልቅ የጎማ ቱቦ ነቅለው እጥፋቶቹን ከፈት እያደረጉ በብርሃን ይዩ፣ ስንጥቁ የሚደበቀው በእጥፋቱ ውስጥ ነው። ቀላል ፈተናም አለ፦ ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑን ፈትተው ያንሡት። ጤነኛዋ ወዲያው ትንገዳገዳለች። ምንም ለውጥ ካላሳየች ከሌላ ቦታ አየር እየገባ ነው።

ቀጣዩ የሙቀት ሴንሰሩ ነው። ሶኬቱን ነቅለው በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይለኩት፦ በ20 ዲግሪ 2500 ኦም አካባቢ፣ በ80 ዲግሪ 300 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ሽቦው ከተበጠሰ ወይም ሶኬቱ ከዛገ ኮምፒውተሯ ሞተሩ በረዶ ውስጥ ያለ ይመስላትና ነዳጅ ታጎርፋለች። ምልክቱ ጥቁር ጭስ፣ የረጠበ ካንዴላና የነዳጅ ፍጆታ መናር ነው። በዚህ ምክንያት ደህና ኮምፒውተር ተጥሎ ውድ ኮምፒውተር ሲገዛ ማየት የተለመደ ነው፤ ከዚያ በፊት ሁሉንም ሶኬቶችና ከቦዲው ጋር የታሰሩትን የኔጌቲቭ ገመዶች ማጽዳት ይቀድማል። የአየር መለኪያውን ምላስ ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ በጣትዎ ይግፉት፤ ሳይንቀራፈፍ ሄዶ በስፕሪንጉ መመለስ አለበት። በዝግታ ሲነዱ ሁልጊዜ በአንድ የፔዳል ቦታ ላይ ከደነዘዘች፣ ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ መንገድ በዚያ ቦታ ተበልቷል።

የነዳጁ ግፊት የመቆጣጠሪያው የአየር ቱቦ ሲነቀል 2.5 ባር ነው፤ ቱቦው ሲመለስና ሚኒሞ ላይ ስትሆን በግማሽ ባር ገደማ ይወርዳል። የነዳጅ ጎማ ቱቦዎቹን ግን ሳይለኩም ይቀይሯቸው። ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ በእንግሊዝ የሚሸጠው መደበኛ ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት ነው፣ የ1986 ጎማ ለዚያ አልተሠራም። «ኤስኤኢ ጄ30 አር9» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቱቦና ለኢንጀክሽን የተሠራ ማጥበቂያ ይግዙ። ከመንቀልዎ በፊት የነዳጅ ፖምፓውን ፊውዝ አውጥተው ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ያሠሩት፤ ያለዚያ ግፊት ያለው ቤንዚን ፊትዎ ላይ ይፈናጠራል። ለመንዳትም ከ5 በመቶ ያልበለጠ ኤታኖል ያለበትን ሱፐር ይሙሉ።

ካምቢዮው ጠንካራ ነው፣ የሚያልቁት ኩሽኔታዎቹ ናቸው። ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ ፍሪሲዮኑን ሳይረግጡ ያዳምጡ። የሚያፏጭ ድምፅ ኖሮ ፍሪሲዮኑን ሲረግጡ ከጠፋ፣ የመግቢያው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ድምፁ በሁሉም ማርሽ እየመጣ ከጎማው ፍጥነት ጋር የሚጨምር ከሆነ የዲፈረንሺያሉ ነው፣ ይህኛውን ችላ ማለት ካምቢዮውን ከነቤቱ ያስበላል። ዘይቱ 2 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ኤምቲኤፍ94 የተባለው ይስማማዋል። አሮጌውን ሲያፈሱ በቡሎኑ ላይ ያለው ማግኔት የያዘው ጥቁር ቅባት ከሆነ ደህና ነው፣ የብረት ቅርፊት ከሆነ ካምቢዮው መውረድ አለበት።

ጎማውን ከመግዛትዎ በፊት ቸርኬው ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። ከሞንቴጎ የመጣ ባለ 365 ሚሊ ሜትር ቸርኬ የገጠሙላት ሰዎች አሉ። 365 ሚሊ ሜትር 14 ኢንች አይደለም፤ በ9 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፣ ተራ ጎማ በምንም ዓይነት አይገባበትም፣ የራሱ ጎማ ደግሞ ውድ ነው።

የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ በደረሰኝ ካልታየ፣ ቤት ከገባች በመጀመሪያው ሳምንት ከነማጥበቂያው ይቀየር። ቀጥሎ የፍሬን ዘይትና የፍሬን ጎማ ቱቦዎች፣ ከዚያ የራዲያተር ውሃና ቴርሞስታት። ከዚህ በፊት ቸርኬ ለማስቀባት ወይም ወንበር ለማሳጠብ የሚወጣ ገንዘብ ያለ ቦታው ነው።

በፍለጋው ላይ ኤምጂ ማይስትሮ ተርቦም ያጋጥምዎት ይሆናል። በ1988 በበርሚንግሃም የመኪና ኤግዚቢሽን ላይ ታይታ የተሠራችው 500 ገደማ ብቻ ናት፤ 152 የፈረስ ጉልበት አላት፣ የቦዲ ጌጧ ቲክፎርድ የተባለው ኩባንያ ሥራ ነው። እሷ አሁን ሰብሳቢዎች ያወቋት ስለሆነች ዋጋዋ ሌላ ነው፤ ተርቦው አየር የሚነፋው በካርቡሬተር ውስጥ ስለሆነም ጥገናዋ ሌላ ዕውቀት ይጠይቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው ኢኤፍአይዋ ትሻላለች። የሮቨር 220 ተርቦን ሞተር ወደ ኢኤፍአይዋ ማስገባት ይቻላል፣ ብዙዎች አድርገውታል። ንጹሕ ቦዲና ሙሉ ዕቃ ባላት ላይ ግን ባይደረግ ይመረጣል፣ የቀሩት ጥቂት ናቸውና።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ የሊብሬው የሻሲ ቁጥር ከመኪናዋ ጋር መግጠሙን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ያለፉትን ዓመታዊ ምርመራዎች በመንግሥት ድረ ገጽ በታርጋዋ ይፈልጉ፤ «ዝገት» የሚል ማስጠንቀቂያ ከዓመት ዓመት ተደጋግሞ በድንገት ከጠፋ፣ በብየዳ ነው ወይስ በስቱኮ የጠፋው ብለው ይጠይቁ። ለጭስ ምርመራው የተመዘገበችበት ቀን ለውጥ ያመጣል፦ ከኦገስት 1 ቀን 1986 በፊት ከሆነ የሚፈቀደው ካርቦን ሞኖክሳይድ 4.5 በመቶ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ 3.5 በመቶ። ኢንሹራንሱን አስቀድሞ ስምምነት በተደረገበት ዋጋ ይግቡ፣ ያለዚያ ብትጋጭ የሚከፈልዎት የቆሻሻ ብረት ዋጋ ነው።

በ1986 የተሠራች መኪና የታሪካዊ መኪና ግብር ነፃነት የምታገኘው ከኤፕሪል 1 ቀን 2027 ጀምሮ ነው፤ በራሱ ስለማይሆን ሊብሬውን ይዘው ፖስታ ቤት ሄደው ማስቀየር አለብዎት። ከዓመታዊ ምርመራውም 40 ዓመት ሲሞላት ነፃ ትሆናለች፣ ሆኖም በዚህ ዕድሜ ያለች መኪና በየዓመቱ ክሪክ ላይ ወጥታ መታየቷን አይተዉ። በታሪካዊነት እስክትመዘገብ ድረስ ወደ በርሚንግሃም የንጹሕ አየር ዞን በገባች ቀን ሁሉ 8 ፓውንድ ይቆጥራል። ዞኑ ከሚድልዌይ ቀለበት መንገድ ወደ ውስጥ ያለው ነው፣ ቀለበቱ ራሱ አይጨምርም፤ ጋራዥ የሚከራዩላት ከሆነ ከቀለበቱ ውጪ ይፈልጉላት።